ቤተ ክርስቲያናችን ለምን ቀዘቀዘች? ከጎጃም አጥቢያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለበዓል አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣ ወሬ አለ። «የእኛ ደብር እኮ ቅዳሴ ካቆመ ሰነበተ» ይላል አንዱ ከብቸና መልስ። «የእኛስ ብትል፣ ቄሱ ብቻቸውን ቀሩ» ይላል ሌላው ከአዴት። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ዳዊት ደግሜ፣ ዜማ ቤት ደጃፍ ላይ አቁሜያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የሊቅ መልስ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። በጽዋ ማኅበር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሚኒባስ ውስጥ ሲጠየቅ የሰማሁትን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መለስኩ።

«ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች» ሲባል በሩ ተቆለፈ ማለት ነው?

አይደለም። በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ የሚዘጋ ደብር የለም። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ በሥራ ቀን መቀደስ ይቀራል። ቀጥሎ አንዳንድ እሑድ ይዘለላል። «ዛሬ ሰው አልሞላም፣ ኪዳን አድርሰን እንሂድ» ይባላል። ከዚያ ቅዳሴው በወር አንዴ፣ ታቦቱ በሚውልበት ቀን ብቻ ይሆናል። ማርያም ከሆነች በ21፣ ሚካኤል ከሆነ በ12። መጨረሻ ላይ ለዓመቱ ንግሥ ብቻ ካህናት ከጎረቤት አጥቢያ ተለምነው ይመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ታቦቱ ለጥበቃ ወደ ሌላ ደብር የሚወሰደው። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ያለቅሳል። ግን የሚያለቅሰው ዘግይቶ ነው። ያ «ዛሬ ሰው አልሞላም» የተባለበት የመጀመሪያው እሑድ ማንም አላለቀሰም።

ለመቀደስ የግድ ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ቢያንስ አምስት። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አራት ሆኖ መቀደስ የለም። ምእመኑ ሺህ ቢሆን፣ ሕንጻው ካቴድራል ቢያክል፣ አምስተኛው ሰው ከሌለ ቅዳሴ የለም። የዚህ ሁሉ ጥያቄ ቁልፍ እኔ እንደሚገባኝ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም ናት። ያለሁት ከደብረ ማርቆስ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ደብር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሴቶች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠቅልለው ከጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ቄሶች አሉ። ሁለት ዲያቆናትም አሉ። ሦስተኛው የለም። የደብሩን ንዋያተ ቅድሳት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ፣ ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት ከቤተልሔሙ ደጃፍ ወጣ ብለው ስልካቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ኔትወርክ ፍለጋ ነው። «አያቱ ቤት ነው ያደረው» አሉ በመጨረሻ። ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች። አንዲት እናት «እንግዲህ እሷው ታውቃለች» ብለው ተነሥተው ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጁ በሩጫ መጣ። የደብተር ቦርሳውን እንዳነገተ ነው። እግሩን ታጥቦ፣ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ገባ። ማንም አልተቆጣውም። ቄሰ ገበዙ «መጣህልን አንተ ልጅ» ብቻ ነው ያሉት። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ከእኔ ቀድሞ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ነበር። «አስተማሪው ቀሪ ይጽፍብኛል» አለኝ ዞር ብሎ። ሰባተኛ ክፍል ነው። ያን ጠዋት የዚያች ደብር ዕድሜ በአንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እግር ላይ ነበር።

ታዲያ ሌሎቹ ዲያቆናት የት ገቡ?

ትልቁ ቁጥር ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። ይሄን ክፉ ነው ብዬ አይደለም፤ እኔም እዚያው ነው የገባሁት። ግን ድሮ ልጅ ዲያቆን እስኪሆን ያለፈበትን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። ከሀሁ፣ ከአቡጊዳ፣ ከፊደለ ሐዋርያ፣ ከወንጌል ተነሥቶ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ቅኔ ቤት እያለ ይቀጥላል። ብዙው ከወላጁ ተደብቆ ጠፍቶ ነው የሚሄደው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል። የኔታ ያስተምሩታል፣ አገሬው ይመግበዋል። ለየኔታ ደመወዝ የሚከፍል የለም፤ ለተማሪው ቀለብ የሚሰፍርም የለም። ግን ይሠራ ነበር።

ጎጃም በዚህ የታወቀ አገር ነው። የቅኔ ስልት ሲቆጠር ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዋድላ ይባላል። ዋድላን ለወሎ ትተን ሁለቱ የእኛ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ሲባል የአገሩ ተማሪ ሁሉ ይሰበሰብባቸው ነበር። ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር በእግሩ ይመጣል። ጉባኤ ቤቶቹ ዛሬም አሉ። ዛሬም ልጅ ጎጆ ቀልሶ ቅኔ ይቆጥራል። ችግሩ ተመርቆ የሚወጣው ሰው የት እንደሚሄድ ነው። ወደ ተወለደበት ቀበሌ አይመለስም። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ደመወዝ ያለው ደብር ይፈልጋል። ማን ይፈርድበታል? አሥር ዓመት ለምኖ የተማረ ሰው ነው፤ አግብቶ ልጅ ማሳደግ አለበት።

ቀሪው ደግሞ ለሰሊጥ ሥራ ሑመራና መተማ ይወርዳል፣ ወይ ከተማ ገብቶ የቀን ሥራ ይሠራል። አንዳንዱም ክህነቱን ያፈርሳል። ይሄ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ቄስ የሚሆን ሰው በሥርዓቱ አንድ ሚስት አግብቶ ነው የሚሾመው። ያቺ ሚስት ብትሞትበት ወይም ቢፋታ፣ ሌላ ካገባ መቀደስ አይችልም። ሁለት ቄስ ብቻ ባለበት አጥቢያ አንድ ትዳር ሲፈርስ ደብሩ አብሮ ይናወጣል። የካህኑን ጎጆ መጠበቅ የአገሩ ሽማግሌዎች ሥራ የነበረው ለዚህ ነው። አሁን እሱን የሚያስብ ስንት ሰው አለ?

ባለፉት ዓመታት ያለው የጸጥታ ችግርም አለ። መንገድ ሲዘጋ ተማሪ ከጉባኤ ቤት ወደ ጉባኤ ቤት አይዘዋወርም።

ድሮ ካህኑ በምን ይኖር ነበር?

በመሬት። ሰሞን መሬት የሚባል ነበር። ያን መሬት የያዘ ቤተሰብ አገልጋይ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። ራሱ ይቀድሳል፣ ልጁን ዲያቆን አድርጎ ያቆማል፣ ሁለቱም ካልሆነ እህል ሰፍሮ ሌላ ሰው ይቀጥራል። ተራው ሲደርስ ካልመጣ ይጠየቃል። ሰሞነኛ የሚለው ቃል ራሱ ዛሬም ድረስ አለ፤ የዚያ ሳምንት ተረኛ ካህን ማለት ነው። አገልግሎቱ የእምነት ብቻ አልነበረም፤ የርስት ጉዳይም ነበር። ይሄን ስል ያ ዘመን ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ገበሬው በላዩ ላይ የተጫነውን ሁሉ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ስሙ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ቆመ። ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ የድርሻውን ይዞ አራሽ ሆነ። ከአዋጁ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1965፣ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ምእመኑ ዓመታዊ መዋጮ እየከፈለ ደብሩን እንዲያስተዳድር ነው። ያን ያደረጉት አቡነ ቴዎፍሎስ የእኛው የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። በ1968 ከመንበራቸው ወረዱ፣ ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። ሰበካ ጉባኤው ግን ቀረ። ባይቀር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት አጥቢያ ራሱ አይኖርም ነበር ብል አላጋነንኩም።

ግን መዋጮው ስንት ነው? ገጠር ውስጥ አንድ አባወራ ለደብሩ በዓመት የሚከፍለውን ለአንድ ሠርግ ከሚያወጣው የቢራ ሒሳብ ጋር አስተያዩት። እኔ አስተያይቼ አፍሬያለሁ።

ገንዘብ እኮ እየተሰበሰበ ነው። ሕንጻው እያማረ አይደል?

እያማረ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ከየወረዳው የወጣው ሰው አዲስ አበባ ላይ ኮሚቴ ያቋቁማል። ካርድ ይታተማል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። የሣር ክዳኑ ይነሣና ቆርቆሮ ይመታል። ከዚያ ቆርቆሮው ይነሣና ጉልላት ያለው የብሎኬት ሕንጻ ይጀመራል። ምረቃው ላይ በሬ ይታረዳል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ደስ ይላል፤ እኔም ለሁለቱ አዋጥቻለሁ። ግን በአንዱም ኮሚቴ ስብሰባ ላይ «ስንት ዲያቆን አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። የኔታ የሚኖሩባት ጎጆ ታፈሳለች፤ አጠገቧ ያለው ሕንጻ ጉልላቱ ያበራል።

ሕንጻ ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል። ሦስት ኩንታል ገብስ ለቆሎ ተማሪ ብትሰጥ ግን ምን ፎቶ ይወጣዋል? በልተውት ያልቃል።

ሕዝቡ ለጥምቀትና ለንግሥ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ታዲያ ቀዝቅዟል እንዴት ይባላል?

ይሄ ጥያቄ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሚያዝያ 30 ማርቆስ ሲነግሥ ደብረ ማርቆስን ያየ ሰው «የቀዘቀዘው የት ነው?» ቢል ትክክል ነው። ከበሮው አለ፣ ጭፈራው አለ፣ ነጭ በነጭ ነው።

እኔ ሌላ ቦታ እንድታዩ ነው የምለው። እሑድ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚቀርበውን ሰልፍ ተመልከቱ። ፊት ያሉት የታዘሉና በእጅ የተያዙ ሕፃናት ናቸው። ከኋላ የሚከተሉት አረጋውያን። መካከሉ የለም። ከአሥራ አምስት እስከ ሃምሳ ዓመት ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ይሳለማል፣ ይሰግዳል፤ ግን አይቀርብም። «ገና ነኝ» ይላል። ገና የሚለው ቃል አርባ ዓመት ይፈጃል።

ሁለተኛው የማያቸው ማኅበራቱን ነው። በአንዳንድ ቦታ ጽዋ ማኅበሩ እቁብ ሆኗል። ጸሎቱ አምስት ደቂቃ፣ ጠላው አራት ሰዓት። ድግሱ ስለከበደ ድሃው ወጥቷል፤ «ተራዬ ሲደርስ ምን ልደግስ?» ብሎ። ለድሃ ማብያ የተቋቋመ ነገር ድሃን ማስወጫ ሆነ ማለት ነው። ሰንበቴው ግን በብዙ ገጠር ደህና ነው፤ ዳቦና ጠላ ይዞ መጥቶ ከደጀ ሰላሙ ለነዳያን ማካፈሉ አልቀረም።

ሦስተኛው ቅኔው ነው። ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተቀኙትን ዛሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል፣ ለዕለቱ ነገር አዲስ ያወጣል። ማኅሌት ላይ መሪጌታው ቅኔ ሲቀኙ አጠገባቸው ያለው ሊቅ ጭንቅላቱን ነቅነቅ ካደረገ ሰሙም ወርቁም ገብቷል። ዛሬ በስንት ደብር ነው አዲስ ቅኔ የሚሰማው? ጎጃም ውስጥ ሆኖ ማኅሌቱ ያለ ቅኔ ሲታለፍ ለእኔ ከጣራው መፍሰስ ይብሳል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መቀዝቀዝ ምን ይላል?

ራእይ ምዕራፍ 2 እና 3ን አንብቡ። በትንሿ እስያ፣ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ለነበሩ ሰባት አጥቢያዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ለሰርዴስ «ሕያው እንደ መሆንህ ስም አለህ ሞተህማል» ይላታል። ለሎዶቅያ የተጻፈው «ለብ ስላልህ» የሚለው ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

እኔን የሚይዘኝ የኤፌሶኑ ነው። ኤፌሶን ሰነፍ አልነበረችም። ትደክማለች፣ ትታገሣለች፣ ሐሰተኛ ሐዋርያትን መርምራ ትለያለች። ሃይማኖቷ ንጹሕ ነው። የተወቀሰችው «የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃልና» ተብላ ነው። ቅጣቱ ምንድን ነው? «መቅረዝህን ከስፍራዋ እወስዳለሁ።» ታቦት ከደብሩ ሲወጣ ያየ የጎጃም ሰው ይሄን ቃል ያለ ተርጓሚ ይገባዋል።

ኤፌሶን ዛሬ ቱሪስት የሚያያት ፍርስራሽ ናት።

አንድ አገር ሙሉ ክርስትናውን አጥቶ ያውቃል ወይ? ወይስ ማስፈራሪያ ነው?

ያውቃል። ያውም ጎረቤታችን።

ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ኖብያ የሚባሉ ክርስቲያን መንግሥታት ነበሩ። ከ6ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ናቸው። ጳጳሳቸው እንደ እኛ ከእስክንድርያ ነበር የሚመጣው። ቤተ ክርስቲያኖቻቸው በሥዕል የተሞሉ ነበሩ። ፋራስ ከሚባለው ቦታ የአስዋን ግድብ ውሃ ሳይውጣቸው የተረፉት ሥዕሎች ዛሬ በዋርሶና በካርቱም ሙዚየሞች አሉ። ቅዱስ ሚካኤሉን ብታዩት ከእኛዎቹ ጋር ይዛመዳል።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 እኛ አገር ነበር። ያየውን ጽፎ ትቷል። በዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ ሳለ ስድስት ሰዎች ከኖብያ መጡ ይላል። የመጡት ወርቅ ወይም ጦር ፍለጋ አይደለም። ካህናትና መነኮሳት ስጡን፣ ያስተምሩን ብለው ነው። ጳጳሳቸው ከሞተ ቆይቷል። መንገዱ በጦርነት ስለተዘጋ ሌላ አልመጣላቸውም። ጳጳስ ከሌለ የሚሾም የለም። የሚሾም ከሌለ ቄሱ ሲሞት የሚተካው የለም። ንጉሡ ምን መለሱ? እኔ ራሴ አቡኔን የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፤ ሌላው የሚሰጠኝን እንዴት አድርጌ ለእናንተ እሰጣለሁ? አሉ። ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ይሄን ታሪክ ባስታወስኩት ቁጥር የምቆመው የስድስቱ ሰዎች የመልስ ጉዞ ላይ ነው። ቤት ሲደርሱ ምን ብለው ተናገሩ? እነዚያ ሰዎች አልካዱም። ሕንጻው ቆሟል፣ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አለ፣ ሰው ስሙ ክርስቲያን ነው። የጎደለው ቀዳሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ሦስት ትውልድ ጉዳይ ነው።

እኛም ከዚያ በጣም የራቅን አልነበርንም። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ያገኘነው አቡነ ባስልዮስ በ1943 ሲሾሙ ነው። እስከዚያ ድረስ ሹመቱ በሌላ አገር እጅ ነበር። ልዩነቱ ከታች ያለው ነው። ግብጻዊው ጳጳስ ለዓመታት ባይመጣ እንኳ፣ የኔታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ሲመጣ የሚሾመው ልጅ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ሕዝቡ ወደ ሌላ እምነት እየሄደ ስለሆነ ነው የሚዳከመው?

በጎጃም ገጠር ዋናው ምክንያት ይሄ አይደለም። ሰው የሚሄደው ወደ ከተማ ነው።

በከተማ ያሉት የወንጌላውያን አጥቢያዎችስ?

እዚያ አባል አይደለሁም፤ የማውቀው አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ የነገረኝን ነው። የእነሱ አጥቢያ ትንሽ ናት። አባላቱ ብዙዎቹ በሥራ የመጡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። «ዝውውር ሲወጣ መዘምራኑ አብሮ ይዘዋወራል» አለኝ እየሳቀ። ሁለት ቤተሰብ ሲሄድ ግማሹ ፕሮግራም ቆመ። እኔ ስለ አምስተኛው ሰው ሳወራው ቶሎ ገባው።

ግዕዝ ስለማይገባን አይደለም የቀዘቀዝነው?

በከፊል። ግን ቅዳሴው በአማርኛም ይቀደሳል፤ በብዙ ቦታ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የሚሄዱት። አያቴ አንድ የግዕዝ ቃል አታውቅም ነበር፤ የት ቦታ እንደሚሰገድ፣ የት ቦታ «አቤቱ» እንደሚባል ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። የጠፋው ቋንቋው ሳይሆን የሚያስረዳ ሰው ነው ባይ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ አሥር ደቂቃ ቁጭ አድርጎ የዕለቱን ወንጌል የሚተረጉም ቄስ ያለበት አጥቢያ ልጆቹ አይሸሹም።

ከከተማ ሰባኪና ዘማሪ አምጥተን ጉባኤ ብናዘጋጅስ?

አዘጋጁ፤ አልቃወምም። ሦስት ቀን ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ሰው ያለቅሳል፣ እጅ ይነሣል። በአራተኛው ቀን ጄኔሬተሩ ተጭኖ ይሄዳል። ለአንድ ጉባኤ የሚወጣው ወጪ አንድ የአብነት መምህር ስንት ወር እንደሚያኖር አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

በካህናትና በኮሚቴ መካከል ያለው ጠብስ?

ይሄ ከረሃብ ይበልጥ ደብር ያፈርሳል። አንድ አጥቢያ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለጊዜው ሒሳብ ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነበርኩ። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት ሦስት ሰው መገኘት አለበት፤ አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ተገኝቶ ተከፈተ። በቃ። ምን ያህል እንደነበር ዛሬም አይታወቅም። ምናልባት አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ግን ጥርጣሬው ገባ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጎራ ሆኑ፣ መሪጌታው አኩርፈው ወጡ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ግማሾቹ ቀሩ። እኔም የጥፋቱ ተካፋይ ነኝ። ነገሩን በዕለቱ ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ለሦስት ሰው በስልክ ነገርኩ።

ምክሬ አጭር ነው። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ጮክ ብሎ ይነበብ።

ዙሪያውን ያለው ደን ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፤ ምልክት ነው። ከአውሮፕላን ወይም በስልካችሁ ካርታ ጎጃምን ብታዩ እርሻው መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። መካከላቸው ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው ሌላ ቦታ አልቆ እዚያ ቀርቷል። ቆራጭ የሚፈራው ጥበቃውን ሳይሆን ታቦቱን ነበር። ሰው መፍራት ሲያቆም መጀመሪያ ዳር ያለችው ወይራ ትጠፋለች፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፉ ገቢ ያስገኛል፤ ደብሮች ዕጣንና ጧፍ የሚገዙበት እሱ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አላወግዘውም። አገር በቀሉን ቆርጦ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደውል። ሰበካ ጉባኤውን ሳይሆን ቄሰ ገበዙን። «ባለፈው ወር ስንት ቀን ተቀደሰ?» ብለህ ጠይቅ። «ዘቢብ አላችሁ?» በል፤ ለደሙ የሚሆን ዘቢብ ገጠር ገበያ ላይ አይገኝም፣ ውድም ነው። ለመገበሪያ የሚሆነው ንጹሕ ስንዴ ከዚያው ይገኛል፤ ሰው ያመጣዋል።

ከዚያ ኮሚቴው ጋር ቁጭ በሉና ከሕንጻው ገንዘብ ላይ ለየኔታ በየወሩ የሚከፈል ነገር ቁረጡ። ትንሽ ይሁን፤ ግን አይቋረጥ። ለተማሪዎቹ እህል በመኸር ጊዜ፣ ዋጋው ሲረክስ፣ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። አራት አምስት አቅራቢያ አጥቢያዎች አንድ መምህር በጋራ ቢይዙ የኔታም ጉባኤ ይሞላላቸዋል፣ ወጪውም ይቀላል። ካህናቱም በፈረቃ ቢረዳዱ እሑድ የማይቀደስበት ደብር አይኖርም። «ታቦታችን ከታቦታቸው ያንሳል ወይ?» የሚለው ኩራት ነው ይሄን የሚያስቸግረው።

ሌላው ትምህርት ቤቱ ነው። ርእሰ መምህሩ ብዙውን ጊዜ የዚያው አጥቢያ ምእመን ናቸው። ዲያቆኑ ልጅ በወር ሁለትና ሦስት ቀን ዘግይቶ ቢገባ ቀሪ እንዳይጻፍበት መነጋገር ይቻላል። እኔ አንድ ቦታ ሞክሬ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ያን ያህል ዓመት ማንም ጠይቆ ስለማያውቅ ነው እንጂ ከባድ ነገር አልነበረም።

የደከመ አጥቢያ ተመልሶ ሲነሣ ታይቷል?

መርጡለ ማርያም በግራኝ ጦርነት ዘመን ተቃጥላለች። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ያ ሁሉ የተቀረጸ ድንጋይ ፈርሷል። ዛሬም ታቦቱ አለ፣ ቅዳሴው አለ፣ ጉባኤው አለ። ስለዚህ አዎ።

ትንሿ ደብርስ? ባለፈው ሰኔ ለቄሰ ገበዙ ደውዬ ነበር። ያ በሩጫ የመጣው ልጅ ስምንተኛ ክፍል እየጨረሰ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ወረዳው ከተማ ስለሆነ መስከረም ላይ ቤት ተከራይቶ ይገባል፤ እናቱ በየሳምንቱ ስንቅ ትልክለታለች። ቅዳሜ ማታ እየመጣ እንደሚያገለግል ቃል ገብቷል። መንገዱ አራት ሰዓት በእግር ነው።

«እሱ ሲሄድስ?» አልኳቸው።

ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዘው ከጽዱ ሥር ማስተማር ጀምረዋል። አንደኛው ስምንት ዓመቱ ነው። ጎበዝ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ከስልኩ ጀርባ የልጅ ድምፅ ይሰማኛል፤ የሆነ ነገር ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነው።

«ገና አቡጊዳ ላይ ነው» አሉኝ። «ቆይ፣ ስቶብኛል መሰለኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።